ኦኖሬ ሰንጢውን ሲዘጋ

በኦኖሬ ቤት ማዕድ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በሰንጢ ነበር። አባወራው ሰንጢውን ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ ስለቱን ሲገልጥ፣ ዳቦውን ገልብጦ ሆዱን በስለቱ ጫፍ በመስቀል ምልክት ጫር አድርጎ የመጀመሪያውን ቁራሽ ሲቆርስ፣ ያን ጊዜ ሌላው ሁሉ ማንኪያውን ያነሣል። በልቶ ሲያበቃ ደግሞ ስለቱን በሱሪው ጭን ላይ ግራና ቀኝ ጠርጎ ይለቀዋል፤ ሞላው «ቀጭ» ይላል፤ ሁሉም ይነሣል። የበላውም ያልበላውም ይነሣል። ይህ ወግ የኦኖሬ ብቻ አልነበረም፤ በኦብራክ አምባ ላይ ከብት በሚያረባ ቤት ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ነገር ግን ሌሎቹ አባወራዎች ሰንጢያቸውን ከመዝጋታቸው በፊት ዓይናቸውን በገበታው ዙሪያ አንድ ጊዜ ያዞሩ ነበር፤ ኦኖሬ አያዞርም።

አንድያ ልጁ ኤሚልየን በልጅነቱ ምግብ ላይ ቀርፋፋ ነበር። ሾርባ ያቃጥለዋል፤ ዳቦ አፉ ውስጥ ይዞርበታል። እናቱ አንድ ዓይኗን ከባሏ እጅ ሳታነሣ፣ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቱን ትነካው ነበር፤ ቶሎ በል ማለቷ ነው። አንድ ቀን ከምግብ ሁሉ የሚወደው፣ ድንችና ትኩስ አይብ አንድ ላይ ተመትቶ እንደ ማር የሚሳበው፣ በቀረበበት ገበታ ላይ ሰንጢው ቀጭ ሲል ሳህኑ ገና ግማሹ አልተነካም። «አባዬ፣ አልጠገብኩም» አለ። ኦኖሬ አልተቆጣም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ተዘጋ እኮ» ብቻ ብሎት ኮፍያውን አንሥቶ ወደ ላሞቹ ሄደ። በዚያ ቤት አንድ ጊዜ የተዘጋ ሰንጢ ለዚያ ማዕድ ዳግመኛ አይከፈትምና፣ እናቱም ሳህኑን አነሣች። ኤሚልየን ከዚያ ወዲያ አልጠገብኩም ብሎ አያውቅም። ፈጥኖ መብላት ተማረ፤ ፀጉሩ ሸብቶም ቢሆን፣ ሚስት ሳያገባ ያንኑ ቤትና ያንኑ ከብት ብቻውን ይዞ በቀረበት ዘመን እንኳ፣ ከኋላው ሰው እንደሚያባርረው ሆኖ ይበላ ነበር።

ኦኖሬ በዚህ ጊዜ በቤቱ የለም። አእምሮው ከድቶት፣ ሌሊት ሌሊት በሸሚዝ ብቻ ወደ ግጦሹ እየወጣ ስላስቸገረ፣ ቁልቁል ባለው ከተማ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገብቷል። የልጁን ስም ከረሳ ቆይቷል። ኤሚልየንን ሲያይ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ፣ ከብት ሊገዛ ለመጣ ነጋዴ እንደሚደረገው፣ በአክብሮት «እንደምን ዋሉ ሙሴ» ይለዋል፤ ጌታዬ ማለቱ ነው። ኤሚልየን ይህን ችሎ ተቀምጦ ነበር። ያልቻለው ከገበታ የመጣውን ጣጣ ነው።

ኦኖሬ በልቶ ሲያበቃ አይነሣም። እጁን ወደ ቀኝ ኪሱ ይሰዳል፤ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ኪስ እንደገና ይበረብራል። አስተናጋጆቹ ሳህኑን ሰብስበው፣ ጠረጴዛውን ወልውለው፣ ወለሉን ጠርገው ሲያበቁ እሱ እንደተቀመጠ ነው። ብብቱን ይዘው ሊያነሡት የሞከሩ እንደሆነ ይማታል። ሶላንዥ የምትባለውን፣ ከሁሉ ይልቅ የምትታገሠውን አስተናጋጅ፣ በክርኑ መትቶ ከንፈሯን አደማት።

የቤቱ ኃላፊ ማዳም ቴሮን ኤሚልየንን አስጠርታ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችው።

«ሙሴ ኤሚልየን፣ እኔ ሰው ማባረር አልወድም። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ከገበታ በሰላም ካልተነሣ፣ ትልቁ ከተማ ወዳለው ዝግ ክፍል መላክ ግዴታዬ ነው። እዚያ ወንበሮቹ ማሰሪያ አላቸው።»

«ትልቁ ከተማ እኮ የትና የት ነው። ከብቶቹን ለማን ትቼ ነው የምጠይቀው?»

«አውቃለሁ» አለች ማዳም ቴሮን።

ሶላንዥ እስከ በሩ ሸኘችው። ከንፈሯ አብጧል። «ኧረ ለመሆኑ ኪሱ ውስጥ ምንድን ነው የሚፈልገው? በየምሳው በየራቱ እንደ ሌባ ነው የሚበረብረው፤ ያውም የገዛ ሱሪውን» አለችው፣ እየሳቀች።

ኤሚልየን የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። አባቱ ለምን እንደማይነሣ በዚያች ቅጽበት ገባው። ማዕዱ አልተዘጋም፤ ያልተዘጋ ማዕድ ደግሞ አባወራ ትቶ አይነሣም።

ሰንጢው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ኤሚልየን በረቱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ፤ ድርቆሹን ዘርግፎ በመንሽ በተነ፤ ግርግሙን ገለበጠ። በመጨረሻ የከብቶቹ ጨው በሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከታች፣ ጨው ሲበላው አገኘው። ስለቱ በዝገት ተሸፍኗል፤ ሞላው ሞቷል፤ የቀንድ እጀታው ተሰንጥቋል። ቢሆንም በእጀታው በአንዱ ወገን የኦኖሬ አውራ ጣት በዘመን ብዛት የቦረቦረው ጎድጓዳ ስፍራ እንዳለ ነበር። ኤሚልየን የራሱን አውራ ጣት አስገብቶ ሞከረ፤ ልክ አልሆነለትም።

ይህ ሰንጢ ቢታደስና ኦኖሬ እጅ ቢገባ፣ ማዕዱን ይዘጋል፣ ይነሣል፣ በአገሩ ይቀራል። ኤሚልየን ለማንም ያልነገረው ሌላ ተስፋም ነበረው፤ ሰንጢውን የጨበጠ እጅ፣ ሰንጢውን ያመጣለት ሰው ልጁ መሆኑን ያስታውሰው ይሆናል ብሎ።

በመንደሩ ሰንጢ የሚሠራው ሽማግሌ ሴቬራን ዕቃውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው።

«ይሄ ሰንጢ ነው ወይስ የዓሣ አጥንት?»

«የአባቴ ነው።»

«የኦኖሬ? አለ እንዴ?»

«አለ፤ ታች፣ አረጋውያኑ ቤት።»

«እኔን ሳይወስዱ እሱን ወሰዱት? በዕድሜ እኮ እበልጠዋለሁ። ረስተውኝ ይሆናል፤ እንዳታስታውሳቸው» አለ ሴቬራን፤ ስለቱንም በጥፍሩ ጎትቶ በመከራ ከፈተው። ለዓመታት ከመሳል ብዛት አልቆ እንደ አኻያ ቅጠል ቀጥኗል። «አዲስ ስለት ይግባለት፤ እጀታውንም ልቀይርልህ። የዚህን ያህል ከመድከም አዲስ መሥራት ይቀለኛል።»

«አይሆንም አባባ ሴቬራን። ስለቱም ይኸው ይሁን፣ እጀታውም ይኸው። ጣቱ የሚያውቀውን አይንኩብኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው፤ ቀልዱንም ተወ። «እንግዲያው ዝገቱን አጠራለታለሁ፣ ሞላውን አነቃዋለሁ፣ ስንጥቁን እሞላዋለሁ። ይቺን የተሸረፈች ቦታ ግን አየሃት? አባትህ ለቅቆ ነው የሚዘጋው። ሰንጢ እኮ በጣት ይዘው ቀስ አድርገው ነው የሚያስተኙት። ከለቀቁት ስለቱ ወርዶ ብረቱን ይመታል፤ በመታ ቁጥር ይሸረፋል። ስልሳ ዓመት ሙሉ የገዛ ሰንጢውን ሲያቆስል ኖሯል ማለት ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ከውስጥ ቁራጭ ቆዳ አስገባለታለሁ፤ ስለቱ ቆዳው ላይ ያርፋል፤ አይሸረፍም። ድምፁ ግን አይኖርም። ወይ ስለቱን ነው ወይ ድምፁን፤ ምረጥ።»

«ቆዳውን ያስገቡ» አለ ኤሚልየን፣ ሽማግሌው አፉን ሳይገጥም። ቀጥሎም፣ «ስለቱንም ያዶልድሙት፤ ስል ከሆነ አያስገቡልኝም» አለ።

ሴቬራን ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ለማይቆርጥ ስለት ነው እንዴ ቆዳ የማስገባው? ምኑን ሊጠብቅለት?»

«ያስገቡ አልኩ እኮ።»

«ያንተ ነው» አለ ሴቬራን። «ያንተ ከሆነ ያንተ ነው።»

ኤሚልየን ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ለአባቱ ንብረት መጠንቀቁ እንደሆነ ለራሱ ነገረው፤ ራሱም አመነው። ሰው ግን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሳያስብ የሚመልሰው፣ መልሱን ለዘመናት በሆዱ ይዞት የኖረ እንደሆነ ነው። ያ ድምፅ ከምድር እንዲጠፋ የተመኘው በልጅነቱ ነበር፤ አሁን የሚያጠፋለት ባለሙያ ሲያገኝ፣ የሚያድሰው የአባቱን ሰንጢ መሆኑን ዘነጋ፤ ሊኖረው ይመኘው የነበረውን አባት ሰንጢ አሳደሰ።

ሥራው ግን ሥራ ነበር። ቀንዱ እንደ ሰም ያበራል፤ ስንጥቁ በጣት አይታወቅም፤ ስለቱ ያንኑ የአኻያ ቅጠል መልኩን ይዞ ጠርቷል፤ ሲዘጋም ጥጥ ላይ እንደወደቀ ጥጥ ያለ ድምፅ ያርፋል። ወሩ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ኤሚልየን በምሳ ሰዓት ይዞት ሄደ። ማዳም ቴሮን ስለቱን በመዳፏ ዳስሳ እንደማይቆርጥ ካረጋገጠች በኋላ አሳለፈችው።

ኦኖሬ ከአንድ የቀድሞ ጎረቤቱ ጋር ተቀምጧል፤ ካሲሚር ይባላል፤ ከብቶቻቸው ከአንድ ምንጭ ሲጠጡ የኖሩ፣ እግሩ የከዳው ምላሱ ግን ያልከዳው ሽማግሌ ነው። ኤሚልየን ሰንጢውን በአባቱ ቀኝ እጅ ላይ አኖረው። የኦኖሬ ጣቶች ተከደኑበት። አውራ ጣቱ በእጀታው ላይ ተንሸራተተና ጎድጓዳው ስፍራ ሲደርስ ቆመ። ጀርባው ቀና አለ። ዳቦ እንዲያቀርቡለት በአገጩ አመለከተ፤ ዳቦውን ገለበጠ፤ መስቀሉን ጫረ፤ ዱልዱሙ ስለት ይቆርጥ ይመስል በኃይል ገምሶ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለራሱ፣ ሁለተኛውን ለካሲሚር ሰጠ።

«መጣልን እንግዲህ» አለ ካሲሚር፤ ማንኪያውንም ፈጠን ፈጠን አደረገው። «ኤሚልየን፣ ምን አደረግኩህ? አርፌ በምበላበት በስተርጅና ጌታ አመጣህብኝ። ያንተ አባት ሲዘጋ አይምርም።»

ኤሚልየን ሳቀ። በዚህ ቤት ውስጥ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ኦኖሬ በልቶ አበቃ። ስለቱን በጭኑ ላይ ግራና ቀኝ ጠረገ፤ ለቀቀው። ምንም አልተሰማም። ኦኖሬ ጠበቀ። ከፍቶ እንደገና ለቀቀው፤ አሁንም ጠበቀ። ገበታውን አየ፤ የተነሣ ሰው የለም። ሦስተኛ ጊዜ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ዘጋው። ከዚያም ሰንጢውን በአፍ መጥረጊያው ጨርቅ ላይ አኖረና በእጁ ጀርባ ወደ ኤሚልየን ገፋው።

«ይሄ የኔ አይደለም ሙሴ» አለ በትሕትና። «የሰው ዕቃ ነው። ባለቤቱ ይፈልገው ይሆናል፤ ይመልሱለት።»

እጁ ተመልሶ ወደ ቀኝ ኪሱ ገባ፤ ይፈልግ ጀመር።

ኤሚልየን ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠና በሚስማር ቆዳውን መፈልፈል ያዘ። ሴቬራን የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ቆዳው በቀላሉ አልለቀቀም፤ ከቀንዱም አብሮ ተፈረፈረ። የመጨረሻዋ ብጣሽ ስትወጣ ስለቱን ለቀቀው። ቀጭ አለ። በተዘጋው መኪና ውስጥ ብቻውን የተቀመጠው ሸበቶ ሰው፣ ሳያስበው፣ ከመቀመጫው ብድግ ሊል ቃጣው።

በማግስቱ የወሩ መጨረሻ ነበር። ማዳም ቴሮን፣ «የዛሬን ብቻ» ብላ ፈቀደችለት፤ ራሷም ልታይ በመመገቢያው በር ላይ ቆመች። ኦኖሬ ግን ሰንጢውን አልነካ አለ። «የሰው ነው አልኩ እኮ» ብሎ እጁን ከጠረጴዛው አወረደ። ቢለምኑትም አልሰማ፤ ምግቡንም አልጀመረ። ሾርባው ይቀዘቅዝ ጀመር።

ኤሚልየን በአባቱ ፊት ሰንጢ ከፍቶ አያውቅም። አሁን ከፈተ። ዳቦውን ገልብጦ መስቀሉን ጫረ፤ ቁራሹን ገምሶ ለአባቱ ሰጠው። ኦኖሬ እጁን በዓይኑ ተከተለ፤ ቁራሹን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ማንኪያውን አነሣ። ይበላ ጀመር፤ ግን ቀስ እያለ፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከማንኪያው ግማሹ ወደ ሳህኑ እየተመለሰ። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ጨርሰዋል፤ አንዳንዶቹ አልጨረሱም። የኤሚልየን ሳህን እንደ ልማዱ ከመቅረቡ ባዶ ሆኗል። ማዳም ቴሮን የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሶላንዥ ሳህን መሰብሰቢያውን ጋሪ ይዛ ቆማለች። ኤሚልየን የኃላፊዋን ፊት ብቻ ይመለከት ነበር፤ ዓይኑን በገበታው ዙሪያ አላዞረም። ስለቱን በጭኑ ላይ ግራና ቀኝ ጠረገው፤ ለቀቀው።

ቀጭ።

ካሲሚር ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ጥሎ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። በሚቀጥለው ገበታ የሱፍ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ተነሣ። በመስኮቱ በኩል ያሉ ሁለት አሮጊቶች ያልተጨረሰ ሳህናቸውን እንደያዙ ተነሡ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለው እንኳ መዳፎቹን በክንዱ ማሳረፊያ ላይ ተክሎ መቀመጫውን በስንዝር ከፍ አደረገ። በዚያ አምባ ላይ የተወለደ ሁሉ ቆመ።

ኦኖሬም ተነሣ። ማንም ሳይነካው፣ ሳይማታ፣ እጆቹን ከጎኑ አድርጎ፣ አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይኸው ተነሣ» አለች ሶላንዥ፣ እጇን አብጦ በነበረው ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

ኤሚልየን ፈገግ ብሎ ወደ አባቱ ዞረ። የኦኖሬ ሳህን ከግማሽ በላይ ሙሉ ነበር። ኦኖሬ ሳህኑን እያየ ነው። ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ኤሚልየን አነሣ፤ በዚህ ዓይን ውስጥ የከብት ነጋዴው ጠፍቷል። ኤሚልየን መታወቁን አወቀ።

«አባዬ» አለ ኦኖሬ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «አልጠገብኩም።»

ኤሚልየን አያቱን አላያቸውም፤ እሱ ሳይወለድ ሞተዋል። በቤቱ ውስጥ ከእሳቸው የቀረው አባቱ የሚቀመጥበት ወንበር ብቻ ነበር። ኤሚልየን ሰንጢውን ከፈተ፤ ለአባቱም አሳየው።

«ይቀመጡ፣ ይብሉ። ይኸው፣ ተከፍቷል። የፈለጉትን ያህል ይብሉ።»

ኦኖሬ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሊፈትነው እንደመጣ የሚያውቅ፣ ትምህርቱንም ያልረሳ ልጅ ይመስል ነበር።

«ተዘጋ እኮ» አለ።

ኤሚልየን ማንኪያውን ሞልቶ ወደ አፉ አስጠጋለት፤ ኦኖሬ ከንፈሩን ገጠመ። ወንበሩን አስጠጋለት፤ አልተቀመጠም። ካሲሚር ብቻ፣ ቆሞ እንዳለ፣ «እኔ ልቀመጥ ወይስ ገና ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ የሳቀለት የለም።

ማዳም ቴሮን ኮሪደሩ ላይ አነጋገረችው። «ተነሥቷል፤ አልክድም። ግን ሁሉም ናቸው የተነሡት፤ ግማሾቹ ምሳቸውን ሳይበሉ። ደግሞስ እርስዎ በሌሉ ጊዜ ማን ሊዘጋለት ነው? እኔ ለሠራተኛ ሰንጢ አላስይዝም።»

በቀጣዩ ሳምንት መጀመሪያ ኦኖሬ ወደ ትልቁ ከተማ ተወሰደ። ኤሚልየን ሰንጢውን ወደ በረቱ መልሶ፣ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ጨው ውስጥ ከታች አስገባው።

ከብቶቹ ፋታ በሰጡት ጊዜ ኤሚልየን ወደ ትልቁ ከተማ ይወርዳል። በዚያ ክፍል ወንበሮቹ በእርግጥ ማሰሪያ አላቸው፤ ምግቡም ላልቶ የተፈጨ ነው፤ የየፈረቃው ሠራተኛ እየተፈራረቀ ኦኖሬን በማንኪያ ያጎርሰዋል። ሰንጢ የያዘ ሰው የለም፤ ስለዚህ ኦኖሬ ይበላል። ኤሚልየን በበሩ ብቅ ያለ እንደሆነ ግን አፉን ይገጥማል፣ ሳህኑን ከፊቱ ይገፋል፣ ማሰሪያው የፈቀደለትን ያህልም ለመነሣት ይታገላል። የኤሚልየንን ባዶ እጅ ቢያሳዩት አያምንም።

ስለዚህ ኤሚልየን በምግብ ሰዓት የደረሰ እንደሆነ አይገባም። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ይቆማል፤ ከውስጥ ማንኪያው ሳህኑን ሲጭር ይሰማል። ድምፁ ሲያበቃ፣ አባቱ ጠግቦ ይሁን ምግቡ አልቆ ይሁን፣ ከበሩ ውጭ ለቆመ ሰው የሚታወቅበት መንገድ የለም።